ሁለት ዶዘርና አንድ ገደል፦ የአውራ ጎዳና 20 ታሪክ

ቫንኩቨር ውስጥ ለወገኖቻችን ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዓመታት ኖረናል። የምናውቀው ግን ቫንኩቨርንና ዙሪያዋን ነው። ለዕረፍት ወጣ እንበል ካልን ካምሉፕስ ወይ ኬሎና ደርሰን እንመለሳለን። ዛሬ ከዚያ ራቅ አድርጌ ልወስዳችሁ ነው። ስለ አውራ ጎዳና 20 ነው የማወራችሁ።

መንገዱ የሚነሳው ከዊሊያምስ ሌክ ነው። ወደ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድና ቤላ ኩላ ላይ ባሕር ያስቆመዋል። ዊሊያምስ ሌክን ከለቀቃችሁ በኋላ ከተማ የሚባል ነገር የለም። ሜዳ አለ፣ ጥድ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ከብት አለ። አልፎ አልፎ ትንንሽ መንደሮች አሉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ገደል አለ።

እዚህ አገር መንገድ ሲባል ከላይ የሚመጣ ነገር ይመስለናል። መንግሥት ያቅዳል፣ ኮንትራክተር ይሠራል፣ እኛ እንነዳበታለን። የዚህ አካባቢ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከውጭ የመጡ ሰዎች ለራሳቸው ትርፍ ሊቀድዱት የሞከሩት መንገድ በደም ተቋርጦ ቀረ። ዛሬ የሚነዳበት የአካባቢው ነዋሪ ራሱ የጠየቀውና በራሱ እጅ የጀመረው ነው። የዛሬው ነገሬ ይኼው ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳትደናገሩ።

ከዶዘሮቹ ልጀምር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከዊሊያምስ ሌክ የሚመጣው መንገድ አናሂም ሌክ ላይ ያልቅ ነበር። ከዚያ ቤላ ኩላ ለመድረስ 137 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከባሕሩ በኩልም ሸለቆውን ይዞ ወደ ውስጥ የሚገባ መንገድ ነበር። እሱም ተራራው ሥር ሲደርስ ይቆማል። በሁለቱ መሃል ያለው ግድግዳ ነው። ላይኛው አምባ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሸለቆው ግን ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው የፈረስና የእግር መንገድ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቤላ ኩላ የሚኖር ሰው ምን ያደርጋል? መርከብ ይጠብቃል። ዱቄቱም፣ ምስማሩም፣ ደብዳቤውም በመርከብ ይመጣል። ዓሣውንና እንጨቱን ለገበያ የሚያወጣውም በመርከብ ነው። ጎረቤት የሚባለው የአናሂም ሰው ከተራራው ጀርባ አለ፤ ግን መኪና ይዞ አይደርስበትም።

የሸለቆው ሰው መንገድ ይውጣልን ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መልስ አልተቀየረም። ተራራው አያሠራም፣ እምቢ።

ይህን ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው ተነሱ። የቤላ ኩላ የንግድ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ክሊፍ ኮፓስ የሚባል ባለሱቅ ነበር። ኢላይጃ ገር የሚባል የሸለቆው ሰው ደግሞ መንገዱ በየት በየት ሊያልፍ እንደሚችል በእግሩ እየዞረ ፈለገ። በ1952 ሥራው ተጀመረ። ሁለት ዶዘር ተገኘ። አንዱ ከአናሂም በኩል ቁልቁል፣ ሌላው ከሸለቆው በኩል ሽቅብ እንዲሄድ ተደረገ። ከላይ የሚነዳው አልፍ ብሬስዌል ነው። ከታች የሚነዳው ጆርጅ ዳልሻውግ ነው። ዕቃው የተገዛው በዱቤ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይኼ ዱቤ ነው። ሰዎቹ ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅና እንጨት ቆራጭ ናቸው። ሀብታም የለበትም። መንግሥት አይሆንም ያለውን ተራራ እንቀዳዋለን ብለው ዕዳ ውስጥ ገቡ። እስቲ አስቡት፣ ዛሬ ማናችን እንደፍራለን?

ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡት። ዶዘሩ ዳገቱ ላይ በጎኑ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ዛፉን ይገፋል፣ አፈሩን ይገፋል። ዓለት ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ይላል። ሰው መጥቶ ዓለቱን ይበሳል፣ ድማሚት ይቀብራል፣ ያፈነዳል። ከዚያ ዶዘሩ ተመልሶ ፍርስራሹን ወደ ገደሉ ይጠርጋል። ትንሽ ሄደት ይልና ሌላ ዓለት ይመጣል። ሹፌሩ ከሥሩ ያለው አፈር ይያዝ ይናድ የሚያውቀው ሲቆምበት ነው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1953 ሁለቱ ዶዘሮች ተገናኙ። ሹፌሮቹ ተጠጋግተው የፊት ምላጮቻቸውን አነካኩ። ሰዉ መንገዱን "የነፃነት መንገድ" አለው። ዛሬም ብዙ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ በዚህ ስም ነው የሚጠራው።

ያኔ የተከፈተው ጥሩ መንገድ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። መኪና እንደምንም የሚያልፍበት ጠባብ ጥርጊያ ነበር። ግን አንድ ጊዜ መኪና ካለፈ በኋላ "አያሠራም" የሚል ሰው አፉን ይዘጋል። መንግሥትም ተረከበው። ማስፋቱን፣ ጠጠር ማልበሱን፣ በረዶ መጥረጉን ቀጠለበት። ዛሬ አብዛኛው አስፋልት ነው።

አሁን 90 ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይኼኛው ከባድ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዚህ ተራራ መንገድ የጀመሩት ዶዘሮቹ አይደሉም። በባሕሩ ዳር የሚኖሩት ኑኻልኮች ናቸው። በአምባው ላይ ጺልቆቲኖች አሉ፤ ከእነሱ በስተሰሜን ምዕራብ ኡልካቾዎች አሉ። እነዚህ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይነጋገዱ ነበር። ዋናው ሸቀጥ ኡላካን ከሚባል ትንሽ ዓሣ የሚነጠር ስብ ነው። በፀደይ ዓሣው ወደ ወንዝ ሲወጣ ኑኻልኮች ያጠምዱታል፣ ስቡን ያነጥራሉ፣ በሣጥን አድርገው በሰው ጀርባ ወደ ደጋው ይልካሉ። ከደጋው ቆዳና ሌላም ነገር ይመጣል። የዚህ ንግድ ዱካዎች በፈረንጆቹ ዘንድ እስከ ዛሬ "የስብ መንገዶች" ይባላሉ።

አሌክሳንደር ማኬንዚ በ1793 ወደዚህ ባሕር የደረሰው በእነዚሁ መንገዶች ነው። ከሜክሲኮ በስተሰሜን ያለውን አህጉር በየብስ ያቋረጠ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ይባላል። እውነት ነው። ግን እሱን ይዘው ያሻገሩት የአገሬው መሪዎች ናቸው። መንገዱን ያውቁታልና። ጁላይ 22 ቀን ከቤላ ኩላ አለፍ ብሎ ባሕር ዳር ካለ ዓለት ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፈ። ጽሑፉ በኋላ ተፈልፍሎ ስለተቀረጸ ዛሬም ይነበባል።

ከዚያ ወርቅ መጣ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ካሪቡ በሚባለው ደጋ ወርቅ ተገኘ ተባለና ሰው ጎረፈ። ወርቁ ጋ ለመድረስ ያለው መንገድ ረጅምና ውድ ነበር። ከባሕር በአቋራጭ መንገድ የሚያወጣ ሰው ቀረጥ እየሰበሰበ ይከብራል። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ከቤላ ኩላ መነሳት ነው። ሄንሪ ስፔንሰር ፓልመር የሚባል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ በ1862 ይህን መስመር ተጉዞ አጥንቶታል። ሁለተኛው የአልፍሬድ ዋዲንግተን ሐሳብ ነው። ዋዲንግተን የቪክቶሪያ ነጋዴ ነበር። ከቤላ ኩላ በስተደቡብ ካለው ቢዩት ኢንሌት ተነስቶ የሆማትኮን ወንዝ ይዞ ወደ አምባው ለመውጣት ፈቃድ አወጣ።

በዚያው 1862 ፈንጣጣ ገባ። ቪክቶሪያ ላይ ጀመረ። ታመው የነበሩትንም ያልታመሙትንም የአገሬውን ተወላጆች ከከተማው እያባረሩ ወደ ሰሜን ሰደዷቸው። በሽታው ባሕር ዳሩን ይዞ ወጣ። ቤላ ኩላ ገባ፣ ከዚያ በዚያው በንግዱ መንገድ ወደ አምባው ወጣ። ሙሉ መንደሮች አለቁ። ፓልመር ቅየሳውን ሲሠራ ሰው ሲያልቅ በዓይኑ አይቷል።

ዋዲንግተን መንገድ ሊቀድድ የገባው ከዚህ ዕልቂት በኋላ ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ጺልቆቲኖችን ተሸካሚ አድርገው አሠሯቸው። ክፍያው ትንሽ ነበር፣ ምግብ ይከለከሉ ነበር፣ ሴቶቻቸው ላይ ግፍ ይፈጸም ነበር። ዱቄት ተሰረቀ ተብሎም አንድ ነጭ ስማቸውን መዝገብ ላይ ጽፎ ፈንጣጣ እልክባችኋለሁ ብሎ እንዳስፈራራቸው ተመዝግቧል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወገኑን በዚያ በሽታ ለቀበረ ሰው ይህ ማስፈራሪያ ባዶ ቃል አይደለም።

በ1864 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ላጻስኢን የሚባለው የጦር መሪና ተከታዮቹ ተነሱ። ሆማትኮ ላይ 14 ሰው ገደሉ። ከዋናው ሰፈር ሦስት ብቻ አመለጡ። ቆይቶም ከቤላ ኩላ የሚወጣ የነጋዴዎች ጭነት ተጠቃ። ገዥው ፍሬደሪክ ሲሞር ራሱ ከዘማቾች ጋር በቤላ ኩላ በኩል ወጣ። አምባውን ዞሩት እንጂ ጺልቆቲኖችን ሊይዙ አልቻሉም።

ከዚያ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው። በኦገስት የሰላም ምልክት የሆነ ትምባሆ ተላከላቸው። መሪዎቹ እንነጋገር ብለው መጡ። ሲመጡ በሰንሰለት ታሰሩ። ዳኛ ማቲው ቤግቢ ፊት ቀረቡ። ላጻስኢን ይህ ጦርነት ነው እንጂ ነፍስ ግድያ አይደለም አለ። አልተሰማም። ኦክቶበር 26 ቀን 1864 አምስቱ ክዌነል ላይ ተሰቀሉ። ስድስተኛው በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዌስትሚኒስተር ላይ ተሰቀለ። ኒው ዌስትሚኒስተር እኮ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩባት ከተማ ናት። ስካይ ትሬኑ ያልፍባታል።

የዋዲንግተን መንገድ አላለቀም። ገንዘቡም ቀረ። ክፍለ ግዛቱ በ2014 መሪዎቹ ጥፋተኞች አልነበሩም አለ። ማርች 26 ቀን 2018 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በፓርላማ ቆመው ይህንኑ አረጋገጡ። 154 ዓመት ፈጀ። ጺልቆቲኖች ኦክቶበር 26ን በየዓመቱ ያስቡታል።

አሁን መኪና ውስጥ እንግባ። ከዊሊያምስ ሌክ ተነስተን ወደ ምዕራብ።

መጀመሪያ ቁልቁል ወርዳችሁ የፍሬዘርን ወንዝ በሺፕ ክሪክ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ከዚያ ዳገት ነው። ዳገቱን ስትጨርሱ ሜዳው ይከፈታል። ይህ የቺልኮቲን አምባ ነው። ሰማዩ ይሰፋል። ሪስክ ክሪክ አካባቢ ሣሩ ቢጫ ነው፣ ከብቱ ብዙ ነው። በስተደቡብ የዱር በጎች የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ አለ።

ትንሽ ሄዳችሁ ሊስ ኮርነር ትደርሳላችሁ። ስሙ የመጣው ኖርማን ሊ ከሚባል ከብት አርቢ ነው። ይህን ሰው ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1898 ዩኮን ውስጥ የወርቅ ፈላጊው ብዛት አገር አጥለቅልቆ ነበር። ሥጋ በወርቅ ዋጋ ይሸጣል ተባለ። ኖርማን ሊ 200 ከብት ነድቶ ከዚህ ተነሳ። በጫካና በረግረግ ወራት ተጓዘ። ሣሩ እያለቀ ከብቱ ከሳ። ቴስሊን ሐይቅ ላይ ሲደርስ ከዚህ በላይ አይሄዱም ብሎ አረዳቸው፣ ሥጋውን በጀልባ ጫነ። ማዕበል መጣና ጀልባዎቹን ሰበረ። ሥጋው ሁሉ ጠፋ። ሰውየው ቫንኩቨር ሲመለስ ብርድ ልብስ፣ ውሻና አንድ ዶላር ይዞ ነበር። ተመልሶ ቺልኮቲን ሄደና እንደገና ከብት ማርባት ጀመረ። የዚህ አምባ ሰው እንዲህ ነው።

እዚሁ አካባቢ ወደ ደቡብ የሚገነጠል መንገድ አለ። ወደ ኔማያ ሸለቆ ይወስዳል። እዚያ የሚኖሩት ጺልቆቲኖች በ1992 ሄንሪስ ክሮሲንግ የሚባል ድልድይ ዘጉ። ምክንያቱ ደናቸውን ሊቆርጥ የሚገባ ድርጅት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ነገሩ ያው የመንገድ ጉዳይ ሆነ። ማን ፈቅዶ ነው የሚገባው? ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ፣ ዓመታት ፈጀ። ጁን 26 ቀን 2014 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ የእነሱ ነው ብሎ ፈረደ። ከ1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካናዳ ታሪክ ፍርድ ቤት ለአንድ የአገሬው ሕዝብ የመሬት ባለቤትነትን በዚህ መልክ ሲያረጋግጥ የመጀመሪያው ነው። ላጻስኢን ከተሰቀለ 150 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

አሌክሲስ ክሪክ ሳትደርሱ የትለቲንቆህ ማኅበረሰብ አለ። በ2017 ያ አስፈሪ የሰደድ እሳት የተነሳ ጊዜ ሁላችንም ጭሱን ቫንኩቨር ሆነን አሽትተነዋል። ይህ ማኅበረሰብ ልቀቁ ሲባል አንለቅም አለ። 300 የሚሆኑ ሰዎች ቀርተው እሳቱን ተዋጉ። ልጆቻችሁን እንወስዳለን ተብለው ሁሉ ነበር። መሪያቸው ጆ አልፎንስ ፍንክች አላሉም። እኛ አገሩን እናውቀዋለን፣ እሳትም እናውቃለን አሉ። ቤታቸውንም አተረፉ። በዚያ ዓመት በዚህ አምባ ላይ የተቃጠለው ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ዛሬ ስትነዱ ከግራና ከቀኝ የጠቆረ እንጨት ቆሞ ታያላችሁ፤ ከሥሩ አዲሱ ጥድ እየወጣ ነው።

ከዚያ ታትላ ሌክ፣ ክሊና ክሊን፣ ኒምፖ ሌክ እያለ ይቀጥላል። ኒምፖ ላይ ውኃ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ታስረው ታያላችሁ። ይህን ክፍል በፍጥነት ነው የማልፈው፣ ምክንያቱም ውበቱ በወሬ አይነገርም።

አናሂም ሌክ ስትደርሱ ቁም በሉ። የበረዶ ሆኪ የምትከታተሉ ኬሪ ፕራይስን ታውቁታላችሁ። ለሞንትሪያል ካናዲየንስ በረኛ የነበረው፣ በ2015 የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው። ያደገው እዚህ ነው። እናቱ የኡልካቾ ማኅበረሰብ መሪ ነበሩ። ልጁ ልምምድ የሚያደርግበት ሜዳ ያለው ዊሊያምስ ሌክ ነው። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ መንዳት ሲያቅት አባቱ ትንሽ አውሮፕላን ገዝተው በአየር ያመላልሱት ጀመር። ልጅ እግር ኳስ ልምምድ ለማድረስ ድልድይ ላይ ትራፊክ ሲይዛችሁ እኚህን አባት አስታውሱ።

አናሂምን ስታልፉ አስፋልቱ ያልቃል። ጠጠሩ ይጀምራል። ሄክማን ፓስ ላይ 1,524 ሜትር ትደርሳላችሁ። ይህ የትዊድስሚዩር ፓርክ በር ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የአገሩ ሰው በአጭሩ "ሂል" ነው የሚለው።

ሊማሊሞን የወረደ ሰው ሂልን ለመረዳት አይቸገርም። ሂል ጠጠር ነው፣ በጫፉም ብረት የለውም። ቁልቁለቱ አንዳንድ ቦታ 18 በመቶ ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ 18 ሜትር ትወርዳላችሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ቦታ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም። ኩርባዎቹ ሲዞሩ አፍንጫችሁ ሰማይ ላይ ይሆናል፣ መንገዱ ወዴት እንደሄደ የምታውቁት መሪውን ካዞራችሁ በኋላ ነው።

እኔ በአንደኛ ማርሽ ነው የወረድኩት። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ቆምን። ሞተሩን ሳጠፋ ከሥራችን፣ ከጥዱ በታች፣ የወንዝ ድምፅ ይሰማል። ወንዙ አይታይም። ዳር ቆሜ መንገዱ የተቆረጠበትን ዓለት ነካሁት። ሹል ነው። አልፍ ብሬስዌል ዶዘር ይዞ በዚህ ሲያልፍ መንገድ አልነበረም። ይህን ስታስቡ ጉልበታችሁ ይከዳችኋል።

ታች ስትደርሱ አገሩ ሌላ ነው። ላይ ደረቅ የነበረው አየር እርጥብ ይሆናል። ዝግባው ግዙፍ ነው። አትናርኮ ወንዝ ዳር በመጸው ሳልመን ሲወጣ ግሪዝሊ ድብ ይመጣል። ሸለቆውን ይዛችሁ ስትሄዱ ሃገንስቦርግ አለ። በ1894 ክርስቲያን ሳውግስታድ በሚባሉ ቄስ መሪነት ከሚኒሶታ የመጡ ኖርዌጂያውያን የመሠረቱት መንደር ነው። ለእያንዳንዱ 160 ኤከር መሬት ተሰጠው። መሬቱን የሰጠው መንግሥት ነው። ኑኻልኮች ግን መሬታቸውን በውል ለማንም አሳልፈው አያውቁም።

ይህን የምለው የነፃነት መንገዱን ታሪክ ለማጣጣል አይደለም። የ1953 ሰዎች የሠሩት ትልቅ ሥራ ነው። ግን ታሪኩ ሲነገር የኑኻልክ ስም ብዙም አይነሳም። ዶዘሮቹ ምላጭ ለምላጭ ሲነካኩ የአገሬው ተወላጆች በካናዳ አገር አቀፍ ምርጫ ያለ ቅድመ ሁኔታ መምረጥ አይችሉም ነበር። ያ መብት የመጣው በ1960 ነው። ስለዚህ ነፃነቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ሁለቱንም አብረን መያዝ አለብን።

እናም በፌብሩዋሪ 2023 የሆነውን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስኑህያልትዋ የሚባሉ የኑኻልክ ባላባት የቀረጹት ታላቅ የእንጨት ሐውልት ነበር። የቤተሰባቸው ታሪክ የተቀረጸበት ነው። በ1913 ተወስዶ ቪክቶሪያ ሙዚየም ገባ። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያ ቆመ። ስማቸውን የወረሱት የዛሬው ባላባት ይመለስልን ብለው ተሟገቱ፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። በመጨረሻ ተፈቀደ። የሕንፃው ግድግዳ ተከፍቶ ነው በክሬን የወጣው። በጭነት መኪና ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ያለፈው በዚሁ በአውራ ጎዳና 20 ነው። በመንገዱ ላይ ያሉ ማኅበረሰቦች ወጥተው ተቀበሉት፣ ዘፈኑለት። ሂልን ወርዶ ቤላ ኩላ ገባ። የማዕድን ፈላጊ፣ የቆዳ ነጋዴ፣ የእንጨት ኩባንያ ከዚህ አገር ሲያወጣ ነው የኖረው። ይህ መኪና ግን መለሰ።

መንገዱ ዛሬም ሰላም አያውቅም። በሴፕቴምበር 2010 ከባድ ዝናብ ወንዞቹን ሞልቶ በሸለቆው ውስጥ አውራ ጎዳናውን በጣጠሰው። ሰው በሄሊኮፕተር ነው የወጣው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በባሕር በኩል ችግር መጣ። ከ1996 ጀምሮ በበጋ ከፖርት ሃርዲ ወደ ቤላ ኩላ የሚመላለስ መኪና ጫኝ ጀልባ ነበር። ቱሪስት በጀልባ ገብቶ በመንገዱ ይወጣል፣ ወይ በመንገዱ ገብቶ በጀልባ ይወጣል። ሆቴሉም፣ ነዳጅ ማደያውም፣ አስጎብኚውም የሚኖረው በዚህ ነው። ያ መስመር ወጪው ከበደ ተብሎ ከ2013 ወዲያ ተሰረዘ። ምትክ የተባለው ጥቂት መኪና ብቻ የሚይዝ ትንሽ ጀልባ ነበር። የሸለቆውም የአምባውም ሰው አንድ ላይ ጮኸ። በ2019 ኖርዘርን ሲ ዎልፍ የሚባለው ጀልባ ሥራ ጀመረ።

በመጨረሻ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። በምን መኪና ይኬዳል? ጎማው ጥሩ የሆነ፣ ፍሬኑ የተፈተሸ ማንኛውም መኪና ይሄዳል። ዊሊያምስ ሌክ ላይ ታንካችሁን ሙሉ። ለረጅም ርቀት የስልክ መስመር የለም፣ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ሂልን በቀን ውረዱ፣ በከባድ ማርሽ፣ ሽቅብ ለሚመጣው ቅድሚያ እየሰጣችሁ። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። ቤላ ኩላ ስትደርሱ ቶርሰን ክሪክ ዳር ዓለት ላይ የተቀረጹ ጥንታዊ ምስሎች አሉ። የኑኻልኮች ቅዱስ ቦታ ነው። በራሳችሁ ተነስታችሁ አትሂዱ፤ የኑኻልክ አስጎብኚ ጠይቁ፣ እነሱ ይወስዷችኋል።